«መጣ» ያልኩ ቀን

እሱ ጣሪያ ላይ፣ እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት፤ የእኔና የደረሰ ፍቅር እየተጯጯህን ያደገ ነው። ደረሰ ሀዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ካለች ሱቅ እየተላከ ዲሽ ይገጥማል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ስለማልሰራ አብሬው እዞራለሁ። እሱ ሳህኑን በቀስታ እያዞረ «መጣ?» ይላል። እኔ ስክሪኑን አይቼ «ገና ነው» ወይም «መጣ፣ እሰረው» እላለሁ። ሌላ ሰው ሲያይለት ወርዶ ያጣራል። እኔ ካልኩ ግን ብሎኑን አጥብቆ መሰላሉን ያነሳል።

የሚሌኒየሙ በዓል ሊገባ ሲል ታቦር ሰፈር፣ ሮሆቦት የምትባል የባንክ ሰራተኛ ቤት ሄድን። ቆንጆ ናት፤ ይህን መናገር እስካሁን ደስ አይለኝም። ገና በር ስትከፍት «ደርዬ» አለችው። ደርዬ የምለው እኔ ነኝ። ጁስ ቀዳችለት፣ መሰላሉን ያዘችለት፣ እሱም ይስቃል። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«መጣ?» አለ ደረሰ ከላይ።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። እኔ ግን ከዚያ ቤት በቶሎ ይዤው መውጣት ነበር የፈለግኩት።

«መጣ፣ እሰረው» አልኩና ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ሮሆቦት ጥፍሯን እያየች ነበር፤ ያስተዋለች አልመሰለኝም።

እሁድ ጠዋት ምንም አይታይም ብላ ደወለችለት። ለሌላ በቆፈርኩት ጉድጓድ ራሴ ገባሁ፤ አሞራ ገደል ዓሳ ልንበላ በተቀጣጠርንበት ቀን እሱ እሷ ቤት ዋለ። እኔ ሐይቁ ዳር ብቻዬን ተቀምጬ የሁለቱ ሳቅ በሐሳቤ ሲሰማኝ ዋለ። አመሻሽ ላይ ሲመጣ ግን ፊቱ ጠቁሯል።

«ያሰርኩት አልያዘም፤ እጄን ምን ነካው?» አለኝ ጣቶቹን እያየ።

ይህን አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኩት።

«ጣሪያ ላይ ሆኜ ምንም አይታየኝም፣ ታቢታ» አለ። «የማየው በአንቺ ነው።» በጥቅምት አባቴ ዘንድ ሊልካቸው ያሰባቸው ሽማግሌዎች ለጊዜው ይቆዩ ብሎኝ ሄደ።

ሰኞ ማታ ሮሆቦት ቤት ሄጄ ጥፋቱ የደረሰ ሳይሆን የእኔ መሆኑን ነገርኳት። አልገረማትም።

«ስክሪኑ ጥቁር እንደነበር አይቻለሁ እኮ» አለች። «ዝም ያልኩት ተመልሶ እንዲመጣ ነው። መጣ። እኔ ልይልህ ስለው ግን እምቢ አለኝ። ታቢታ ከሌለች ራሴ አያለሁ ብሎ ከጣሪያ ሳሎን፣ ከሳሎን ጣሪያ ሲመላለስ ዋለ። ጁሱንም አልነካው።»

እዚያው በሯ ላይ አለቀስኩ። የእሷም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ መጡ፤ ተጋባን። እወደዋለሁ፣ ይወደኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም አብሬው እዞራለሁ። እኔ «መጣ» ስል ግን መሰላሉን ይወርድና እጁን በሱሪው ጠርጎ ስክሪኑን ለማየት ይገባል። እኔም ከስክሪኑ ፊት ዞር እልለታለሁ።