ሠላሳ ሴኮንድ

ኅዳር 16 ቀን 2017፣ ሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነጥቡ ዘጠኝ ለዘጠኝ ነበር። የኡኬ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አግዳሚ ወንበሩን እየደበደቡ «ድርቤ! ድርቤ!» ይላሉ። ከነቀምቴ በሚኒባስ የመጡት ያፏጫሉ። የነጭ ሪባን ቀን ጥያቄና መልስ እንዲህ ሞቆ አያውቅም። ከድርቤ ጎን የተቀመጠችው ሊሊሴ የሹራቧን እጅጌ ነክሳ ይዛለች። ሹራቡ የታላቅ እህቷ የጋዲሴ ነበር።

«የመጨረሻው ጥያቄ የድርቤ ነው» አሉ ከሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የመጡት ወይዘሮ ሸዋገነት። «መረዳዳት የለም። ሠላሳ ሴኮንድ አለሽ። በሕጉ፣ አንዲት ልጅ ለማግባት ስንት ዓመት ሊሞላት ይገባል?»

«በላናቸው!» ብሎ ጮኸ ዮሚፍ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሊሊሴን ራሷን ያስጠናቻት ድርቤ ናት፤ «ሕጉን ጠጥቼዋለሁ» እያለች።

ድርቤ ግን ዐይኗን ወደ ታዳሚው ወረወረች። አባቷ ኦቦ ሞረዳ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ቅዳሜ ዕለት ቤታቸው ሽማግሌ ገብቶ ነበር። ሠርጉ ከገና በኋላ ነው። ድርቤ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ይህን የነገረችው ለሊሊሴ ብቻ ነው፤ ያውም አስምላ።

«ሰዓት አልቋል። ነቀምቴ?»

«አሥራ ስምንት!»

የነቀምቴ ልጆች ወንበር ላይ ወጥተው ጨፈሩ።

«አንቺ! አሥራ ስምንት ጠፋሽ? አስበላሽን እኮ!» አለ ዮሚፍ።

«ረሳሁት ባካችሁ» ብላ ሳቀች ድርቤ።

ሊሊሴ ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። ጋዲሴ በሠርጓ ቀን «ደስ ብሎኛል» ስትል እንዲሁ ነበር የሳቀችው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ዳሯት፤ በአሥራ ስድስት፣ ምጥ ላይ ሞተች።

ሊሊሴ ተነሣች። ድርቤ የሹራቧን እጅጌ ያዘቻት።

«ሊሊ፣ ምለሻል። ብትናገሪ እኔና አንቺ አበቃ።»

«አውቃለሁ» አለች ሊሊሴ፤ ጣቶቿንም ቀስ ብላ አስለቀቀቻት። በጭፈራው መሐል እየተጋፋች ወረቀታቸውን ወደሚሰበስቡት ወይዘሮ ሸዋገነት ሄደች።

«አዴ ሸዋገነት፣ የምነግርዎት ነገር አለ።»

«ውድድሩ እኮ አልቋል፣ የኔ ልጅ።»

«ስለ ውድድሩ አይደለም።»

ሠርጉ አልተደረገም። ድርቤ ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ተፈተነች። ሊሊሴን ግን እስከ ሐምሌ ድረስ አላናገረቻትም።