አራት ገጽ የቃላት መፍቻ

ጥዝዝዝ።

ድምፁ የመጣው ከጀርባው ነው። ልዑልቃል አልዞረም። የጋለ ሽቦ እርጥብ ጥጥ ሲነካ እንደዚያ እንደሚጮህ ካወቀ ሦስት ወሩ ነው። ልቡ ግን አሁንም አልለመደውም።

ነጭ ጭስ በትከሻው ላይ አልፎ የቬፕ፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ሱቁን መስኮት ሸፈነው። ውጭ የካፒቶል ሂል ሰፈር በቅዳሜ ከሰዓት ዝናብ ርሷል። ማዶ አንዲት ግራጫ መኪና ፓርክ አድርጋለች። ውስጧ የስለላ ቢሮ አለቃው ወጋሕታ አለች። ድምፅዋ ደግሞ በድብቅ መሣሪያ እሱ ጆሮ ውስጥ።

«ሰሌን፣ ትሰማኛለህ?»

አንዴ ሳለ። አዎ ማለት ነው።

ሰሌን የምስጢር ስሙ ነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ የሚያውቁት ሥዩም ብለው ነው፤ ኖርዝጌት የሚኖር፣ ለቬፕ ያበደ ባለ ታክሲ።

«ሥዩሜ፣ ዛሬ ምነው ፊትህ? ጭሱ ስላሳለህ ተቀየምከኝ እንዴ?» አለ ሳምራዊ እየሳቀ። በሩን ቆልፎ ከባንኮኒው ኋላ ገባ። ሱቁ የእሱ ነው። አንድ ሰው ጥፍር የምታክል ሜሞሪ ካርድ በአደራ ትቶበታል፤ ምን እንደያዘች ግን አያውቅም።

ልዑልቃል ያውቃል። የያዘችው ወይዘሮ አበዛሽ ማውንትሌክ ቴራስ በሚባል ሰፈር የተሸሸጉበትን አድራሻ ነው። በአንድ ነፍሰ ገዳይ ጄኔራል ላይ ሊመሰክሩ ነው። ካርዷ ለጄኔራሉ ሰዎች ከደረሰች እስከ ሰኞ በሕይወት አይቆዩም።

ካርዷን ለጄኔራሉ ሰዎች ሊገዛ የመጣው ሰው መንገድ ላይ ተይዟል። በእሱ ቦታ የገባው ልዑልቃል ነው። ስምምነቱ ቀላል ነበር። ገዢው የተዘጋጀለትን ሞድ የሚሉትን የቬፕ ቱቦ ለኩሶ ለመለያ አንድ ጊዜ ያጨስበታል፣ ሳምራዊም ካርዷን ይሰጠዋል።

«ያንተ ይቺ ናት።» ሳምራዊ የመዳብ ቱቦ አቀበለው።

«አትዘግይ» አለች ወጋሕታ። «ባትሪውን ክተትና ቁልፉን ተጫነው።»

የልዑልቃል እጅ የቱቦውን አናት ፈትቶ ባንኮኒው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ላይ አኖረው። አስቦበት አይደለም። እዚህ ቤት የሌላ ሰው እጅ የነካውን ማንም ሳይለካ አይለኩስም።

መለኪያው ዜሮ አለ።

ዜሮ።

ሽቦው ብረቱን ነክቷል። ይሄ ቱቦ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያቋርጥለት ነገር የለውም። ባትሪ ገብቶ ቁልፉ ቢጫን ፊቱ ላይ ይፈነዳል።

ሳምራዊ ቁጥሩን አየ። ሳቁ ጠፋ። አፉን ሊከፍት ሲል ልዑልቃል ወደ ጆሮው ጠቆመ፤ የሚሰማ አለ።

«ራምፑ አሪፍ ነው» አለ። «ግን እግሩ ዴክ ላይ ተኝቷል። ካንተ ወዲህ ሌላ ቢልደር አለ?»

ሽቦውን ማን አጣመመው ማለቱ ነው። ሳምራዊ ገባው።

«አንድ ኑብ ጠዋት ስትነካካው ነበር» አለ፤ ጀማሪ ማለቱ ነው። በአገጩም በመስኮቱ ወደ ግራጫዋ መኪና አመለከተ።

«ምንድን ነው የምታወሩት?» አለች ወጋሕታ። ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል። «ራምፕ የሚል መፍቻው ላይ የለም።»

መፍቻው።

የሱቁ ሰዎች ወሬ ለቢሮው አልገባ ሲል፣ ወጋሕታ ቃላቱን አስረዳን ብላው አራት ገጽ መፍቻ የጻፈላት ልዑልቃል ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሽቦ ብረት ሲነካ ምን እንደሚፈጠር አሳምሮ ጽፏል። ያነበበችው እሷ ብቻ ናት። መለካትን ግን አልጻፈውም። የእጅ ልማድ እንጂ የሚፈታ ቃል አልመሰለውም።

እሱ ሲወድቅ ልትገባ ነው። ካርዷን ወስዳ ለጄኔራሉ ሰዎች ልትሸጥ ነው።

«ሰሌን። ተጫነው አልኩህ።»

መዳፉን ለሳምራዊ ዘረጋ። ሳምራዊ አመነታ። ከዚያ ከጥጡ ከረጢት ውስጥ ካርዷን አውጥቶ ሰጠው። ልዑልቃል የሽቦ መቁረጫውን አነሳ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። የካርዷን ቁርጥራጭ ባንኮኒው ላይ ተወው።

ወይዘሮ አበዛሽ ተረፉ።

እነሱ ግን ገና ናቸው። ከኋላ በር ሳይታዩ ለመውጣት ወጋሕታ ፍንዳታውን ሰምታ በፊት ለፊት በር መግባት አለባት።

«ኦኬ» አለ። «ልጫነው።»

አናቱን ገጠመ። ባትሪውን ከተተ። ተጫነ።

መዳቡ ወዲያው ጋለ። ሊወረውረው ሲል መዳፉ ላይ ተጣበቀ።

አራገፈው። ከቆዳው ጋር ሄደ።

ለእሳት ማጥፊያ የተቀመጠ የአሸዋ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ፈነዳ። መስታወት ረገፈ። በጆሮው ውስጥ የመኪና በር ሲከፈት ሰማ፣ ከዚያ የሴት ጫማ እርምጃ፣ ፈጣን።

ሳምራዊን በክንዱ ጎትቶ በኋላ በር ወጣ። ሁለት መንገድ ሮጡ። ከኋላቸው የፖሊስ ሳይረን መጮህ ጀመረ።

የአውቶቡስ ፌርማታ ጋ ሳምራዊ ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ።

«ብሮ፣ እጅህ!» ትንፋሹ አልመለስ አለው። «ሴትዮዋ ጠዋት የሥዩም እህት ነኝ ነው ያለችኝ። ሶ፣ ማን ናት? አንተስ ማነህ?»

ልዑልቃል የጆሮውን መሣሪያ አውጥቶ የዝናብ ውሃው የሚወርድበት ጉድጓድ ውስጥ ጣለው። የተቃጠለ እጁን ጃኬቱ ውስጥ ሸሸገ። ሽቦ መጠምጠም ያስተማረው ይሄ ልጅ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ምሳ በላህ ወይ ብሎ የጠየቀውም እሱ ብቻ ነው።

አውቶቡስ መጣ።

«ሥዩሜ፣ አንድ ነገር በለኝ እንጂ።»

እውነቱን ማወቅ ልጁን ለአደጋ ይዳርገዋል፤ የአውቶቡሱን ቁጥር እንኳ ሳያይ ተሳፈረ። በሩ ተዘጋ።

ሳምራዊ ዝናቡ ላይ ቆሞ አውቶቡሱን በዓይኑ ሸኘው።