የአርባ አምስት ደቂቃ እረፍት

እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮዬን ከፈትኩ፤ መስኮቱን ገርበብ አደረግኩና ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ሥራዬ ለምርምር ድጋፍ የሚጠይቁ ማመልከቻዎችን መመርመር ነበር። ከእነዚያ አንዱ ስለ መካኒክስ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ጋዝ ቅንጣቶች እንቅስቃሴ ለሚመክር የሦስት ቀን ጉባኤ የቀረበ ነበር። በየቀኑ አርባ አምስት ደቂቃ የሻይ እረፍት ይዟል። ሰርዤ አሥራ አምስት አደረግኩት።

በሦስተኛው ቀን አመልካቹ፣ የፊዚክስ መምህሩ፣ ራሱ መጣ። እጅጌው ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበር።

«እረፍታችንን የሰረዙት እርስዎ ነዎት?»

«ለሻይ አሥራ አምስት ደቂቃ አይበቃም?»

«ለሻይማ ይተርፋል።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «የጋዝ ቅንጣቶች ካልተጋጩ ትኩሱም ትኩስ፣ ቀዝቃዛውም ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል። ሰውም ያው ነው። አዳራሽ ውስጥ እንሰማለን፤ የምንጋጨው እረፍት ላይ ነው።»

«ታዲያ መንግሥት ለጸብ ገንዘብ ይስጥ?»

«ለጸቡማ እኛ ያለ በጀት ጀምረናል።»

ሳቄን ለመደበቅ ወረቀቱ ላይ አቀረቀርኩ። ቀና ስል አሁንም እያየኝ ነበር። እረፍቱን መለስኩለት።

በዚያ ዓመት ድጋፉ ለሌሎች ደረሰ። እሱ ግን እንደገና አመለከተ፤ ቢሮዬ መምጣቱንም አልተወም። «ወይዘሪት ሰርዝ» እያለ ይጠራኝ ጀመር።

በዓመቱ እንድናገባ ጠየቀኝ። በዚያኑ ዕለት ለአለቃዬ ነገርኩና ፋይሉን ለባልደረባዬ አስረከብኩ። ደንቡ ግን ለሠራተኛ የትዳር ጓደኛ ድጋፍ አይፈቅድም።

«ማመልከቻውን ልተወው» አለኝ።

«ስንት ዓመት የለፋህበትን? መጀመሪያ ጉባኤህ፣ ከዚያ ሰርጋችን። የት እሄድብሃለሁ?»

እጅጌው ላይ ያለውን የጠመኔ ብናኝ አራገፈ። እንደ እሺታ ቆጠርኩት።

እናቱ ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ሰው ለስብሰባ ብሎ ትዳር ያቆያል እንዴ?» አሉኝ። የተማርኩ ነኝና ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው።

ሁለት ዓመት ጠበቅን። እሱ ከእናቱ ጋር፣ እኔ ከእህቴ ጋር ሆነን፣ ማታ ማታ በስልክ ደህና እደር፣ ደህና እደሪ ተባባልን። በመጨረሻ ድጋፉ ተፈቀደ።

በጉባኤው የመጀመሪያ ቀን፣ በእረፍቱ ሰዓት፣ ከአዳራሹ ወዲያ ጫፍ በሰው መሃል እየተጋፋ መጣና ትከሻዬን በትከሻው ገፋ አደረገኝ። ሻዬ ፈሰሰ። ሁለታችንም ሳቅን።

በሳምንቱ ተጋባን። «ወይዘሮ ሰርዝ» ሆንኩ። በሰባተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት፣ ጫማውን እያሰረ ወደቀ፤ ዳግም አልተነሳም። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ፤ አብሮት የተወለደ፣ እሱም የማያውቀው ድክመት። እናቱ አንድም ቀን ያንን ሁለት ዓመት አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጉባኤው እንደገና ተካሄደ፤ የሥራ ባልደረቦቹ ጋበዙኝ። እረፍቱ አሁንም አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ብርጭቆዬን ይዤ አዳራሹ መሃል ቆምኩ። በዙሪያዬ ሰው ይከራከራል፣ ይሳሳቃል፣ ይጋፋል። እኔ ጋ ሲደርሱ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንዳይነኩኝ ዞር እያሉ ያልፋሉ።

ሻዬ አልፈሰሰም። በትከሻው የሚገፋኝ ሰው የለም።