መምህር እንደሻው የላኩት ቃል

ጡረተኛው የእንግሊዝኛ መምህር እንደሻው፣ አቦከር ሰፈር በሚገኘው የእኅታቸው ቤት፣ በመጻሕፍት ክፍላቸው ወለል ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ከእጃቸው አጠገብ አሮጌ ስልካቸው፣ ከጠረጴዛው ሥር አመድ የለበሰ የከሰል ማንደጃ ነበር።

በማግስቱ መርማሪዋ ኢንስፔክተር ነኢማ ስትደርስ የሟች እኅት ወይዘሮ ገላነሽ ደጃፉ ላይ ቆመው አላሳልፍም አሏት።

«እባብ ነደፈው። እባብ ልታስሪ ነው የመጣሽው?»

«ሐኪሙ የንድፊያ ምልክት አላገኘም፣ እማማ። ያሳልፉኝ።»

የእባቡ ወሬ የመጣው ከስልክ መልእክት ነው። መምህሩ ከጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ወዲህ ድምፃቸው ጠፍቶ በጽሑፍ ነበር የሚነጋገሩት፤ ስልካቸውም የአማርኛ ፊደል አልነበረውም። በሞቱበት ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ለቀድሞ ተማሪያቸው ለትዕግሥት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ላኩ፦ «sneck»፣ ስኔክ።

ዛሬ ራሷ መምህርት የሆነችው ትዕግሥት፣ ለምን ወዲያው እንዳልመጣች ስትጠየቅ በቁጣ መለሰች። «በየቀኑ አንድ እንግዳ ቃል ይልኩልኝ ነበር፤ ፍቺውን ፈልጌ እንድነግራቸው። የዕለቱ ቃል መሰለኝ። ክፍል ጨርሼ ለሥራ ባልደረባዬ ለሄኖክ አሳየሁት። ‹ስኔይክ፣ እባብ ለማለት ነው፤ ፊደል ስተው ነው› ብሎ ሮጠ።»

«ማን ቀድሞ ደረሰ?»

«እሱ። እኔ ስደርስ ክፍሉ ውስጥ ቆሟል።»

ሄኖክም እዚያው ክንዱን አጣምሮ ቆሞ ነበር። «ልርዳ ብዬ መሮጤ ወንጀል ሆነ? እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ፊደል ቢስት ምን ይገርማል?»

«አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ በአንድ ፊደል ሲጥሉ የኖሩ ሰው?»

«ተማሪ ብቻ!» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ። «እኔንም ሲያንጓጥጠኝ ነው የኖረው። ከቤቴ እንዲወጣልኝ ተስያለሁ። አላለቅስለትም!»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?» አለቻቸው ነኢማ።

 «ኤረር በር ሰፈር፣ ለቅሶ ቤት። ሃምሳ ሰው አይቶኛል፤ ሂጂና ጠይቂ!»

ነኢማ በሩን መረመረች። ከውጭ በኩል አሮጌ የብረት መቀርቀሪያ አለው፤ ዝገቱ መሐል ላይ አዲስ ጭረት አየች።

«ይህ ይዘጋል?»

«ማን ይዘጋዋል? ከሰል ስለሚያነድ በሩ ገርበብ ብሎ ነው የሚውለው» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ።

መስኮቱ በመጻሕፍት ቁልል ተደፍኗል። መምህሩ ሃያ ዓመት የእንግሊዝ ገጠር ቃላት የለቀሙባቸው ደብተሮች ግን፣ ትዕግሥት እንዳለችው፣ ከቦታቸው የሉም። ትዕግሥት አንድ ነገር አስታወሰች፤ ሄኖክም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሊያሳትም ነው፤ ረቂቁን እንድታርምለት ሰጥቷት ገና ግማሹ ላይ ናት። ነኢማ ረቂቁን ወሰደች።

በሁለተኛው ቀን ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ቃሉ እባብ አይደለም። አንድ ፊደል ሳይሳት የተጻፈ፣ የሰሜን እንግሊዝ ገጠሬዎች ቃል ነው። መምህር እንደሻውን በልጅነታቸው ያስተማራቸው የዚያ አገር ሰው ነበር። ስኔክ ማለት የበር መቀርቀሪያ ነው፤ ‹በሩን ስኔክ አድርገው› ሲሉ ‹ቀርቅረው› ማለታቸው ነው። ከሰል እየነደደ በሩ ከውጭ ተቀረቀረባቸው። ድምፅ የላቸውም፣ አይጮኹም። የከሰሉ መርዝ ራሳቸውን ሲያዞራቸው የዘጋባቸውን ነገር ስም ጻፉ። መቀርቀሪያውን መልሶ የከፈተው ቀድሞ የደረሰው ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ሄኖክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲወጣ አይቶታል።»

ሄኖክ ሳቀ። «ለሻይ ነው የወጣሁት። በሩንም ክፍት አገኘሁት። ቃሉን እንደ ትዕግሥት እኔም አላውቀውም።»

ነኢማ ረቂቁን ገልጣ አቀረበችለት። «አንብበው።»

ትዕግሥት ነጥቃ አነበበች፦ «ስኔክ፤ የበር መቀርቀሪያ።»

«መጽሐፉን የጻፍከው አንተ ከሆንክ ቃሉን እያወቅህ እባብ ብለህ ዋሽተሃል። ቃሉን ካላወቅህ ደግሞ መጽሐፉ የእሳቸው ነው፤ ሰርቀሃል። የቱን ትመርጣለህ?» አለችው ነኢማ።

የሄኖክ ፊት ጠቆረ። «ደብተሮቹን ሃያ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ቆልፎባቸው! አብረን እናሳትም ስለው ‹አንተ ገና ፊደል አልቆጠርክም› ብሎ ጻፈልኝ። ‹ደብተሮቼን ሰረቀኝ› ብሎ ሊከሰኝ ነበር።»

ወይዘሮ ገላነሽ ጫማቸውን አውልቀው ፊቱን መቱት። «እኔ ብሰድበው ወንድሜ ነው! አንተ ማን ነህ?» አሉና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጠው ማልቀስ ጀመሩ።

ፖሊሶች ሄኖክን ይዘው ሲወጡ ትዕግሥት ነኢማን ተከትላ ደጅ ደረሰች።

«መልእክቱ እንደደረሰኝ ብሮጥ ኖሮ ይተርፉ ነበር?»

ነኢማ ዞር ብላ አየቻት። «ወላሂ፣ አልዋሽሽም» አለች። «ይተርፉ ነበር።»