የጥድ ሰጋቱራ

ፍቅር ከመኪና ሥር ተኝተሽ ያገኝሻል ያላት ሰው ቢኖር ጽጌሬዳ ሆዷን ይዛ በሳቀች ነበር። ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ ዳር ባለው የአባቷ የላቀው ጋራዥ ውስጥ ብሎን ስትፈታ ያደገች፣ ቱታ እንደ ቀሚስ የለመደች ልጅ ናት። ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ «መካኒኩ የት ሄደ?» ይላታል፤ እሷም መልስ ሳትሰጥ ኮፈኑን ትከፍታለች።

ክንዱ ግን እንደዚያ አላላትም። ከአምባ ጊዮርጊስ ድንች እየጫነ፣ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ አዲ አርቃይ የሚነግድ ወጣት ነው። የአባቱን ሁለት በሬዎች ሸጦ ከደላላ እጅ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ ፒካፕ ገዝቷል። የፍሬን ሸራ ሊያስቀይር የመጣ ዕለት፣ «እቴ፣ ሸጋ አድርገሽ እይልኝ፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት» ብሏት፣ ሥራዋን እስክትጨርስ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እጆቿን ሲያይ ዋለ።

በሳምንቱ ተመለሰ። የጎን መስታወቱ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ብሎን በሳንቲም ነው የተፈታው» አለችው።

«መንገዱ ነው የፈታው።»

«መንገዱ ሳንቲም ይይዛል?»

ክንዱ አንገቱን ደፋ። «ምን ላድርግ፣ ሌላ የሚበላሽ ነገር አጣሁ» አላት።

ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ወዲያማ ምኑ ይወራል! ስልኩ፣ ሰበቡ፣ አብሮ ምሳው፣ ሁለት ወር እንደ ሁለት ቀን ሄደ። በመጨረሻ «የፊታችን እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። ለሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ከደስታ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ፒካፗ ከሩቅ እየጮኸች መጣች።

«ጽጌ፣ ዛሬስ የእውነቴን ነው» አለ ክንዱ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ትናንት ሊማሊሞን ስወርድ ሁለተኛ ማርሽ በራሱ ዘሎ ወጣብኝ። መኪናዋ ተለቀቀች። ግንቡን ታክኬ ባላቆማት ኖሮ ገደል ነበርን። እህቴ ሕፃኗን ታቅፋ አጠገቤ ነበረች።»

«ተዋት፤ ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን አያለሁ። ቅዳሜ ና» አለችው።

እሱ ሲሄድ መኪናዋን በክሪክ አንስታ፣ ሳፋ ደቅና ከሥሯ ገባች። የካምቢዮውን የዘይት ብሎን ስትፈታ የወጣው እንደ ዘይት አልፈሰሰም፤ እንደ ገንፎ ወፍሮ ወረደ። በጣቷ አሸችው። ቀይ የእንጨት ብናኝ አለበት። ሸተተችው፤ ጥድ ነው።

ከጋራዡ አጠገብ ጥድ የሚሰነጥቅ አናጢ አለ። ከሦስት ወር በፊት አባቷ ካምቢዮዋ ያለቀ ነጭ ፒካፕ ነበረችው። «ከአናጢው ሰጋቱራ አምጪና ከዘይቱ ጋር ጨምሪባት። ለጊዜው ጩኸቷን ያፍነዋል፤ ደላላው ይሸጥልናል» አላት። ጨመረች። ገዢው ማን እንደሚሆን አላሰበችም፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ ቀን እንኳ አላሰበችም።

ተነሥታ የበሩን ጠርዝ በጥፍሯ ፋቀችው። ከሰማያዊው ቀለም ሥር ነጭ ወጣ።

ላቀው መጣ። በሰንበቴው የተከበረ፣ ቃሉ የሚታመን ሰው ነው። ሳፋው ውስጥ ያለውን አየና ገባው።

«አዲስ ዘይት ጨምሪና ዝጊው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አባዬ፣ የክንዱ መኪና እኮ ናት!»

«ለዚህ ነው ዝጊው የምልሽ! ሌባ ካለበት ቤት ሰው ሚስት ይጠይቃል? ሰርጉ ይለፍ፤ ከዚያ ቀስ ብለን እንሠራለታለን።»

«ሊማሊሞስ እስከ ሰርጉ ይታገሠዋል?»

ላቀው ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።

ጽጌሬዳ ካምቢዮውን አወረደችው። ኩሽኔታዎቹ ተበልተዋል፤ የሁለተኛው ማርሽ ጥርስ ተሸርፏል። ጓሮ ከቆመች ሌላ አሮጌ መኪና ደህና ደህናውን ፈታ አጠበች፣ ገጠመች። ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ብትናገር ክንዱን ታጣለች፤ ዝም ብትል ደግሞ እሱ ቁልቁለት በወረደ ቁጥር ያደረገችውን ስታስብ ልትኖር ነው።

ቅዳሜ ሲመጣ ሳፋውን አወጣችለት።

«ይሄ ከካምቢዮው የወጣ ሰጋቱራ ነው። ከዚህ ጋራዥ ስትሸጥ እንዳትጮህ ብዬ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ በእነዚህ እጆቼ።» የአባቷን ስም አላነሳችም።

ክንዱ ጎንበስ ብሎ ቀዩን ጭቃ በጣቱ ነካው። «የእኔ መሆኗን ታውቂ ነበር?»

«ያንተ መሆኗን አላውቅም ነበር። የሰው መሆኗን ግን አውቅ ነበር።»

ቁልፉን ከእጇ ወሰደ። ጣቶቻቸው እንዳይነካኩ ተጠነቀቀ፤ ከሁሉ ያቺ ገደለቻት። ፒካፗ ወጣች። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ እስክትታጠፍ ድረስ ማርሹን ቆጠረችለት። ምንም አልጮኸችም። ጽጌሬዳ ከክሪኩ አጠገብ ተቀምጣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

እሑድ ላቀው ነጭ ጋቢውን ለብሶ ሲጠባበቅ እሷ ቱታዋን አላወለቀችም። «ማንም አይመጣም፣ አባዬ» ልትለው አፏን ስትከፍት ሰማያዊዋ ፒካፕ ደጅ ቆመች። ሦስት ሽማግሌዎች ወረዱ። ክንዱ ከመሪው አልተነሣም፤ ቀና ብሎም አላያት።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ!» አለ ላቀው።

«ቆመን ነው የምንናገረው» አሉ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል። «ጉዳያችን ሁለት ነው። ልጃችን በዚህች መኪና ተበድሏል፤ ከሞትም ለጥቂት ነው የተረፈ። በዳይዋ ልጅዎ ናት፤ ራሷ ነግራዋለች። ይቅርታው በአባቷ ፊት ይሁን ብሎናል። ሁለተኛውን የምንነግርዎ የመጀመሪያው ሲያልቅ ነው።»

ጽጌሬዳ የአገሩን ደንብ ታውቃለች፤ በዳይ ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ከጋራዡ ሄዳ ለጎማ ታኮ የሚያደርጉትን ድንጋይ አንሥታ ማጅራቷ ላይ አደረገችና ጎንበስ ብላ ወደ ፒካፗ ተራመደች። ድንጋዩ ከበዳት፤ ተንገዳገደች።

ላቀው ይህን ሲያይ ጋቢው ከትከሻው ወደቀ።

«ቁሚ!» አለ። ሮጦ ደረሰና ድንጋዩን ከማጅራቷ ወስዶ ራሱ ተሸከመው። «የሷ አይደለም። ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ስሜን ልትሸፍን ነው እንጂ ልጄ በደል የለባትም።»

«አለብኝ፣ አባዬ» አለች ጽጌሬዳ።

የፒካፗ በር ተከፈተ። ክንዱ ቀስ ብሎ መጣ፤ ከላቀው ፊት ቆመና ድንጋዩን በሁለት እጁ አወረደለት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ።

ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ለሁለተኛው ጉዳያቸው ገብተው ተቀመጡ። ክንዱ ግን ድንጋዩን እንደ ያዘ ወደ መኪናዋ ተመልሶ ከኋላ ጎማዋ ሥር ታኮ አደረገው።

«ሜዳ ላይ እኮ ነው የቆመችው። ፍሬኑ እንቢ አለህ እንዴ?» አለችው ጽጌሬዳ፣ እንባዋን በቱታዋ እጅጌ እየጠረገች።

«ፍሬኑማ ሸጋ ነው» አላት፤ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን እያየ። «ዛሬ ቶሎ አልሄድም።»