የሳቢር ለቅሶ ልምምድ

ይሄ የሆነው በእኔው ቤት፣ በእኔው ዓይን ፊት ነው። ውሸት ነው የምትሉ እዚህ ጋ አቁማችሁ ሂዱ፤ ከማንም ጋር የምከራከርበት ትዕግሥት የለኝም።

ሰኔ መጨረሻ፣ መካነ ሰላም። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል።

ቢሻው እባላለሁ። አማርኛ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤቱን የድራማ ክበብም የምመራው እኔ ነኝ። ለወላጆች ቀን የምናቀርበውን ድራማ የምንለማመደው በኪራይ ቤቴ ነበር። ውጪ ዝናቡ አያባራም፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ውስጥ ግን ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ ሻዩም ቆሎውም ቀርቦ... እውነቴን ነው፣ ከቀኔ ሁሉ የምወደው ያንን ሰዓት ነበር።

በድራማው ሳቢር ሟች ነው፤ ፍራሼ ላይ ጋቢ ለብሶ ይተኛል። ረምዚያ ሚስቱ ናት፤ ታለቅስለታለች። ሁለቱም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው።

ረምዚያ ግን እንባ አልወጣ አላት።

"ባል ነው የሞተብሽ ወይስ እርሳስ ነው የጠፋሽ?" አልኳት። ክፉ ነበርኩ፣ አልክድም። "የድራማውን ስም ተዪው። ሳቢር ብለሽ አልቅሺ።"

"ቲቸር... በራሱ ስም?"

"በራሱ ስም።"

አለቀሰች። አለቃቀሷ አንጀት ይበላል።

አከራዬ እትዬ ቦጋለች በሩን በርግደው ገቡ።

"አንተ መምህር፣ ለሰው በቁሙ አይለቀስም። የሰው ልጅ ታስበላለህ፣ ተው።"

"ድራማ እኮ ነው፣ እትዬ።"

ገላምጠውኝ ወጡ።

በሩ ሳይዘጋ አንዲት ሴት ገባች።

አናውቃትም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። በእኛ አገር የለቅሶ ድምፅ የሰማ ሰው በር ላይ ቆሞ ጥያቄ አያበዛም፤ ገብቶ ይቀመጣል። እሷም ገብታ ተቀመጠች።

"የሞተ የለም እናቴ፣ ልምምድ ነው" አልኳት እየሳቅኩ።

"አብሽሩ" አለች በሹክሹክታ። "ሌሎቹም እየመጡ ነው።"

ተነስታ ወጣች። ያኔ ነው ያስተዋልኩት... ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ ነጠላዋ ላይ አንዲት ጠብታ የለም።

በማግሥቱ በሩን ራሴ ቀረቀርኩት። ሳቢር ተኛ። ረምዚያ ገና አፏን ሳትከፍት ዞር ስል...

ሰባት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

"ቲቸር" አለ ሳቢር ከጋቢው ሥር። ድምፁ ቀጥኗል። "እግሬን ማነው የያዘው?"

ጋቢውን ገለጥኩት።

የሁለት እግሮቹ አውራ ጣቶች በነጭ ክር ታስረዋል። ሬሳ ሲገነዝ እንደሚታሰረው።

"ረምዚያ፣ አንቺ ነሽ?"

ረምዚያ በሩ ላይ ተለጥፋለች። አፏን በሁለት እጇ ይዛ ራሷን ነቀነቀች።

ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ሳቢር ሊነሳ ሞከረ፣ ወገቡ አልታዘዝ አለው። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

"ተወው" አለች የትናንቷ ሴት። "ለእሱ ነው የመጣነው።"

ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ለእናቱ አንድ ነው። ጠርቼ ያስተኛሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጎትቼ ከፍራሹ አወረድኩትና በቦታው ተኛሁ። ጋቢውን እስከ አናቴ ሳብኩት።

"ቢሻው ነው የሞተው" አልኳቸው። "ቢሻው በሉ።"

እርስ በርስ ተያዩ።

ከዚያ አንዷ ቀስ ብላ "ቢሻው..." አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት።

መቀርቀሪያው ሲከፈት፣ ልጆቹ ጭቃውን እየረገጡ ሲሮጡ ሰማሁ።

ሳቢር ደህና ነው። ቅዳሜ በወላጆች ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ አየሁት። ጠራሁት፣ አልዞረም። ተቀይሞኝ ነው ብዬ ተውኩት።

ይሄን የምጽፍላችሁ ከዚያው ቤት ነው። አሁንም አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሴቶቹ በየምሽቱ ይመጣሉ። ዛሬ ግን እትዬ ቦጋለችም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡ።

"እትዬ፣ ምን ሆኑ?" አልኳቸው።

አጠገቤ አለፉ። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላቸው፣ ተቀመጡ። ፍራሹን እያዩ፣ ስሜን እየጠሩ ያለቅሳሉ።

ፍራሹ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ተኝቷል።

እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ።