የመናፈሻው ስም ጥሪ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከማያምኑት ነኝ፣ ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ መቃብር አጠገብ ጥላ አየሁ ለሚለኝ «መነጽር ግዛ»፣ ሌሊት ስሜን የጠራኝ አለ ለሚለኝ «እራት አብዝተህ ነው» የምል ሰው ነበርኩ። ነበርኩ ነው ያልኩት።

ነገሩ የሰፈራችን መናፈሻ ነው፣ ሞባይል ገና በከተማው ብርቅ በነበረበት ጊዜ። መናፈሻ የምለውም ለወጉ ነው እንጂ አጥሩን ሰው እየነቀለ ወስዶታል፣ ከሲሚንቶ ወንበሮቹ የቀረው አንድ ነው፣ ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ ማዘጋጃ ቤቱን ስትጠይቁት የቀበሌው ነው ይላል፣ ቀበሌው የነዋሪው ነው ይላል፣ ነዋሪው ደግሞ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጽዶቹን የተከሉት የዕድራችን ሰዎች ናቸው፣ የዕድሩ ዳኛ አያ ደምለው በሕይወት ሳሉ በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ፣ ሁሉንም ማጭድና መቆፈሪያ አስይዘው ያስወጡ ነበር፣ ሣሩን በገመድ ለክተው ለእያንዳንዱ አባል ድርሻውን ይሰጣሉ፣ ከዚያ ስም ይጠራሉ፣ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ «አለሁ» ያላለ ቀሪ ነው።

እሳቸው ሲሞቱ መዝገቡ ለእኔ ለጸሐፊው ተረፈ። በመጀመሪያው ወር ግማሹ መጣ፣ ቀጥሎ አምስት ስድስት ሰው፣ ከዚያ እኔ ብቻ። እንግዲህ በኀዘኔ ጊዜ ድንኳን የተከለልኝን ጎረቤት ምን ብዬ ቀሪ እላለሁ? ይሉኝታ ያዘኝ። ስሙን ለብቻዬ እጠራለሁ፣ ራሴው «አለ» እላለሁ፣ ምልክት አደርጋለሁ፣ መናፈሻው ጸድቷል ብዬ ለቀበሌ እጽፋለሁ። ኋላ ኋላማ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሆነ፣ ባለቤቴ ይታይሽ ሽንኩርት እየከተፈች ትስቅብኛለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ቆየሁ፣ እመኑኝ፣ ስም ሲነሣ አፌ ቀድሞኝ «አለ» ማለት ለመደ።

በአንድ ሐምሌ፣ በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ቤቴ ድረስ መጣና «መምህር፣ ነገ ከዞን እንግዶች መናፈሻውን ሊጎበኙ ነው፣ በእርስዎ ሪፖርት ሞዴል ተብሏል» አለኝ። ቢያንስ መግቢያውን ልጨድ ብዬ ማጭዴን ሳነሣ ይታይሽ «ሦስት ዓመት በእስክርቢቶ ያጸዳኸውን ዛሬ በማጭድ ልትጨርሰው ነው?» አለችኝ።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ልብ በሉ፣ ሌሊት አይደለም፣ ጠጪም አይደለሁም። የማርቆስ የሐምሌ ጭጋግ ደግሞ አንዴ ከወረደ የገዛ እጅን ያስጠፋል። ጥቂት እንዳጨድኩ ከውስጥ በኩል የማጭድ ድምፅ ሰማሁ፣ ጨር፣ ጨር። እኔ ቆምኩ፣ እሱ አልቆመም። ሣር ሌባ ነው አልኩና እንዲያውም ደስ አለኝ፣ ይጨድልኝ እንጂ! ከዚያ ማጭዱ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ መቆፈሪያ ድንጋይ ሲነካ ሰማሁ፣ ሰው ሲያስል ሰማሁ፣ ቆይቶ ድምፁ ዙሪያዬን ከበበኝ። እስከ ሲሚንቶው ወንበር ድረስ ገባሁ። አንድም ሰው አይታይም።

ድንገት ሁሉም ጸጥ አለ፣ አንድ ሰውም ጉሮሮውን ጠረገ። ያንን ጉሮሮ አውቀዋለሁ፣ ስም ሊጠሩ ሲሉ ሁለት ጊዜ የሚጠርጉት አያ ደምለው ነበሩ። ጠሩም። መጀመሪያ የጠሩት ዓመት ቀደም ብሎ የቀበርነውን ጎረቤታችንን ነው፣ «አለሁ» አለ፣ በራሱ ድምፅ። ቀጥሎ የተጠራውም፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውም፣ ሁሉም ቀብራቸው ላይ የቆምኩላቸው ሰዎች ናቸው፣ ተራ በተራ «አለሁ» አሉ።

ከዚያ «ይታይሽ ሙላት» አሉ።

ባለቤቴን። መልስ የለም። «ይታይሽ ሙላት» አሉ ደግመው። አሁንም መልስ የለም። ዝም ማለት ነበረብኝ፣ ሦስተኛውን ጠርተው፣ ቀሪ ብለው ባለፏት ነበር። ሦስተኛውን ሲጠሩ ግን ይህ የተረገመ አፌ፣ እኔን ሳያማክር፣ «አለች!» አለ።

«እሺ» አሉ አያ ደምለው። ማጭዶቹ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ማጭዴን ጥዬ እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። ይታይሽ ነጠላዋን ተከናንባ ደጃፍ ቆማለች። «አንተ ነህ እንዴ የጠራኸኝ? ሦስት ጊዜ ከነአባቴ ስም የጠራኝ ሰው አለ፣ አቤት ልል ስል ተወኝ» አለችኝ። ነፋስ ይሆናል አልኳት።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። መናፈሻው ሙልጭ ብሎ ታጭዷል፣ ሊቀ መንበሩ «ዕድራችሁ ጉድ ነው!» እያለ ትከሻዬን ይመታል፣ ጎረቤቶቼ እኔ ሰው ቀጥሬ ያሳጨድኩት መስሏቸዋል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ከወንበሩ አጠገብ የአንድ ሰው ድርሻ የሚያህል ሣር ሳይነካ ቆሟል፣ ጫፉ ላይ ማጭዴ በወጉ ተቀምጧል። ተገኝታለች ተብላ ያልሠራች ሰው ድርሻ ነበር።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ መናፈሻው እንደ ልማዱ ተረሳ፣ ሣሩም ቆሻሻውም ተመለሰ። እኔ መዝገቡን አስረክቤ በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ያችን ድርሻ ብቻ አጭዳለሁ፣ ዓመታት አለፉ፣ አንድም ወር አላስታጎልኩም፣ ባለድርሻዋን ፍለጋ እንዳይመጡ ብዬ ነው፣ ሞኝ በሉኝ። ለይታይሽ ነግሬያት አላውቅም። እፈራለሁ፣ ከሷ ሌላ ማን አለኝ?

ዘንድሮ ጉልበቴ አበጠና ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ነኝ። ዛሬ የወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ነው። ጠዋት ይታይሽ ሻይ ይዛልኝ ገባችና «በየወሩ ማጭድ ይዘህ የት እንደምትሄድ የማላውቅ መስሎሃል? ያችን ቁራጭ ሣር ነው አይደል? አንተ ተኛ፣ ዛሬ እኔ አጭድልሃለሁ» አለችኝ። አትሄጂም ብዬ ጮኽኩባት። «ለምን?» አለችኝ። አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው፣ ጭጋጉ ወርዷል፣ ጓሮ ማጭዱን ድንጋይ ላይ ስትስል እየሰማሁ ነበር፣ አቆመች። «አለሁ» ስትል ሰማኋት፣ እኔ ግን አልጠራኋትም።